የልጄን ሱቅ የደበቅኩባቸው ወራት

ልጄ ከጌዶ የተመለሰች ቀን ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ቦታው ላይ አልነበረም። ሚኒባሱ አምቦ መናኸሪያ ከመግባቱ በፊት መንገድ ላይ ወርዳ፣ ሰው እንዳያያት በውስጥ ለውስጥ ነው በእግሯ የመጣችው። በሩን ስከፍት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እማ፣ አሁን አትጠይቂኝ» አለችኝ። አልጠየቅኳትም። ሰንበት ብላ ባሏ መትቶ እንደሰበራት ራሷ ነገረችኝ። ከጥርሱ ይልቅ እኔን ጠፍሮ የያዘኝ ግን ባሏ ስትወጣ የተናገራት ቃል ነው፤ «የትም ግቢ፣ አገኝሻለሁ።»

ፍቺው በፍርድ ቤት ጸድቋል፤ ወረቀቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። ወረቀት ግን በር ላይ አይቆምም። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ የኖርኩት እንደ እስረኛም እንደ ዘበኛም ሆኜ ነው። በጠራራ ፀሐይ የግቢውን በር እቀረቅራለሁ። ባጃጅ ደጃፋችን ላይ ቀስ ሲል እጄ የያዘው ይወድቃል። ልጄ ገበያ ልሂድ ስትል አብሬያት እነሳለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራትን ሴት እንደ ሕፃን ከኋላዋ እከተላለሁ። «እማ፣ ጅራቴ ሆንሽ እኮ» ትለኛለች። ስትለኝም አትስቅም።

እኔ የምተዳደረው በአራስ እህል ነው። ገብሱን ፈትጌ፣ ብረት ምጣድ ላይ አምሼ፣ አጃ ጨምሬ ለገንፎ አስፈጫለሁ። ቡላውን ከወንጪ በፈረስ ከሚያመጡ ሴቶች እቀበላለሁ። ሰፈር ውስጥ ሴት ስትወልድ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነበር። በሩን መቀርቀር ስጀምር ደንበኛው ሳሳ። አራስ ቤት ልሂድ ብሎ ተጣድፎ የመጣ ሰው በቀዳዳ «ማነህ? ከየት ነህ?» እየተባለ ሲጠየቅ ምን ያደርጋል? ሌላ ቤት ይሄዳል።

ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ከርሞ ከተመለሰ በኋላ ልጄ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከደቡብ መጥታ እዚህ የምታስተምር መምህርት ጓደኛ አለቻት፤ አሮጌ ላፕቶፗን ሰጠቻት። «ከቤት ሳንወጣ እንሸጣለን» አለችኝ ልጄ። ለካ የኢንተርኔት ሱቅ ተገጣጥሞ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ሥዕሉን እዚህ፣ ጽሑፉን እዚያ እየጎተቱ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብላ ሠራችው። የገብሱን ሥዕል፣ የቡላውን ሥዕል፣ ወንፊት የያዘ የእኔን እጅ ሳይቀር አስገባች። የራሷን ፊት አላስገባችም።

እየሠራች ሳለ አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣ አሳየችኝ። ጥርሳም መንኮራኩር የመሰለች ምልክት አለች፤ ስትነካ ዝርዝር ይወጣል፤ አራተኛው መስመር ጎን ትንሽ ማብሪያ አለች።

«ይቺ አሁን ጠፍታለች። የኢንተርኔቱ መፈለጊያ እንዳያየን ነው፤ ያላለቀ ቤት ውስጥ እንግዳ እንዳይገባ። ሲያልቅ አበራታለሁ፣ አረንጓዴ ትሆናለች። ያኔ አዲስ አበባም ይሁን ነቀምቴ ያለ ሰው ስልኩ ላይ የአራስ እህል ብሎ ሲጽፍ ያገኘናል።»

«ማንም ሰው?»

«ማንም ሰው እማ! ሱቅ እኮ ነው።»

እሷ ደስ ብሏት ነው የተናገረችው። እኔ የሰማሁት የዚያን ሰው ቃል ነው።

ሱቁ አልቆ ማብሪያዋን ባበራች በሁለተኛው ቀን ከመምህርቷ ጋር ገብስ ሊያዩ ጉደር ሄዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አቧራ እንዳይገባው ጨርቅ አልብሳዋለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሁለት ክረምት። አማርኛውን ጣቴን እያስከተልኩ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛውን አላውቀውም። መንገዱን ግን በዓይኔ ይዤዋለሁ፤ ማንበብ ያልቻለ ሰው ዓይኑ አይረሳም። መንኮራኩሯ፣ ዝርዝሩ፣ አራተኛው መስመር። አረንጓዴዋን ነካኋት፤ ግራጫ ሆነች። ጨርቁን መልሼ አለበስኩት። ከዚያ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩ አላውቅም።

ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ። ሱቁ አልተዘጋም። ልጄ አድራሻውን በስልክ የላከችላቸው ዘመዶችና የመምህርቷ ወዳጆች ይገቡበታል፤ አንዳንዴም ያዛሉ። የማያውቀን ሰው ግን አንድም አልመጣም። እኔ ይህን እንደ በጎ ነገር ቆጠርኩት፤ ሥራው ትንሽ፣ በሩ ዝግ፣ ልጄ ቤት።

ልጄ ግን ጥፋቱን ከራሷ አደረገች። መምህርቷ ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፤ ሁለቱ ያንን ላፕቶፕ እንደ በሽተኛ ይከቡታል።

«መፈለጊያው ሥዕል አያነብም፣ ቃል ስጪው» ትላለች መምህርቷ። «'ምርት አንድ' ብለሽ ጽፈሽ ማን ያገኝሻል? 'ምርት አንድ' ብሎ የሚፈልግ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ልጄ ርዕሱን ለወጠች። ማብራሪያም ጻፈች፤ የመጽሐፍ አማርኛ፤ «ከፍተኛ የንጥረ ነገር ይዘት ያለው ባህላዊ የእናቶች ምግብ»። አነበበችልኝ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ገንፎ ነዋ!»

«እኔ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መስሎኝ።»

መምህርቷ ከት ብላ ሳቀች። «እማማ ልክ ናቸው። እማማ፣ ሰው በርዎን ሲያንኳኳ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅዎት?»

እዚህ ላይ ራሴን አልወደውም። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን የማውቀውን ነገር ተጠየቅኩ፤ በዕድሜዬ ስንቴ ተጠይቄ አውቃለሁ? ነገርኳቸው። ሰው ገንፎ ብሎ አይመጣም፤ የጨነቀው ሰው «ለአራስ ምን ይወሰዳል?» ብሎ ነው የሚመጣው። ወንድ ከሆነ ደግሞ «የሚስቴ ጡት ወተት እንቢ አለ፣ ምን ላብላት?» ይላል። የገጠሩ ሰው ገንፎውን ማርቃ ነው የሚለው፤ ኦሮምኛውንም በራሱ ፊደል ጻፉ። የከተማ ልጆች አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነው የሚጽፉት፣ ስልካቸው ላይ አይቻለሁ፤ እሱንም ጨምሩ። ልጄ እየተጣደፈች ትጽፋለች። «እማ ቀስ በይ፤ እማ ድገሚልኝ» ትለኛለች፣ ዓይኗ በርቷል። እኔ እየደገምኩላት ግራጫዋን ማብሪያ አስባለሁ። ምንጩን በድንጋይ ደፍኜ እሷን እንስራ አስይዤ አፉ ላይ ያስቀመጥኳት ያህል ነበር።

ጠበቀች። መጀመሪያ «ሳምንታት ይፈጃል ይላል» አለች። ከዚያ «ኔትወርኩ ነው» አለች። ከዚያ ምንም አላለችም። ሥዕሎቹን ሁሉ አውርዳ እንደ አዲስ አነሳቻቸው፤ ለእያንዳንዱም ስም ጻፈችለት። ስልኳ ላይ የራሷን ሱቅ ስትፈልግ አያታለሁ፤ ትጽፋለች፣ ወደ ታች ትስባለች፣ አሁንም ወደ ታች ትስባለች፣ ታስቀምጠዋለች። ትታው የነበረው ልማድ ተመለሰ፤ ስታወራ እጇ አፏ ላይ ይወጣል።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ «ለፓስፖርት ቀጠሮ ይዣለሁ» አለችኝ። ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ደላላም አግኝታለች።

«ሱቁስ?»

«የቱ ሱቅ? ሰው የማያገኘው ሱቅ? እማ፣ እኔ አልረባም። ትምህርቱን ጀምሬ ተውኩት፣ ትዳሩን ጀምሬ ተውኩት፣ ይሄንንም አላወቅኩበትም። እዚያ ሄጄ የሰው ቤት ባጥብ ይሻለኛል።»

ከመሄዷ የባሰ «አልረባም» ያለችው አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሆኖም አሁንም አፌን አልከፈትኩም። ብናገር ትጠላኛለች። ባልናገር ትሄዳለች፣ እዚያም ምን እንደሚገጥማት ስንቱን ሰምቻለሁ። ማብሪያዋን ባበራት ደግሞ ያ ሰው አለ። በየት በኩል ብዞር ግድግዳ ነበር።

በዚያው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንዲት የጌዶ ሴት አገኘችኝ፤ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ የልጄ የድሮ አማቶች ጎረቤት።

«አካም ጅርታ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። «ልጅሽ የአራስ እህል ትሸጣለች አሉ። ጎበዝ!»

እጇን ያዝኳት። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፣ ጌዶ ሁሉ ያወራዋል እንጂ! የጎረቤታችን የሹፌሩ ሚስት አይደለች ስትወልድ በዘመዶቻችሁ በኩል ከእናንተ ያስመጣችው። የድሮ ባሏም ሰምቷል፤ ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ 'ዱቄት ነጋዴ ሆነች' እያለ ሲስቅ ነበር።»

«ቤታችን የት እንደሆነስ?»

ሴትየዋ እንደ እብድ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ! ሙሽራዋን ከየት ነበር የወሰዳት? ከሰማይ?»

እውነቷን ነው። ሽማግሌ የላከው እዚሁ ቤት፣ ሚዜዎቹን አስከትሎ የገባው በዚሁ በር ነው። ዳስ ውስጥ በእጄ አጉርሼዋለሁ። ፍርሃት ይህን ሁሉ እንዴት እንዳስረሳኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። እሱ ሊመጣ ቢፈልግ ስልክ ላይ መጻፍ አያስፈልገውም፤ ሚኒባስ መያዝ ነው። እኔ የደበቅኳት ከእሱ አልነበረም። የደበቅኳት ከአራሶቹ ነው።

ቤት ገብቼ ዘምቢሌን ሳላስቀምጥ ላፕቶፑን ጠቆምኩ። «አራተኛው መስመር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከፈተችው፣ መንኮራኩሯን ነካች፣ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጉደር ከሄድሽ ቀን።»

«ቃል ስትሰጪኝ ነበር እኮ! 'ለአራስ ምን ይወሰዳል' ስትዪኝ… ሁለት ጊዜ አስደግሜሻለሁ!»

«ቃሉ እውነት ነበር፣ ልጄ።»

«ዝም በዪ!» በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። «እሱ በቁልፍ ዘጋብኝ፣ አንቺም ዘጋሽብኝ። እሱ ቢያንስ እየነገረኝ ነበር የሚዘጋብኝ!»

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም፣ አልተፋኋትም።

ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። «አብሪያት። አንቺው።» እጄ ሄደ፣ ተመለሰ። ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ አላገዘችኝም። በመጨረሻ ነካኋት፤ አረንጓዴ ሆነች። አራት ቀን አላናገረችኝም። ገብስ ስወቅጥ ግን መጥታ ሌላውን ዘነዘና ታነሳለች፤ ሁለታችንም በአንድ ሙቀጫ፣ ተራ በተራ፣ ያለ አንድ ቃል።

የመጀመሪያው የማናውቀው ሰው የደወለው ከሳምንታት በኋላ ነው። ልጄ ቧንቧው ጋ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር፤ እኔ አነሳሁት።

«ሄሎ፣ የአራስ እህል የምትሸጡት ናችሁ?»

«ማነህ? ከየት ነህ? ቁጥራችንን ማን ሰጠህ?»

«ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ሚስቴ ወልዳ…»

«መቼ ወለደች? የት? ወንድ ነው ሴት?»

«እናቴ፣ እኔ እኮ እህል ነው እንጂ ልጅዎን አልጠየቅኩም።»

ልጄ ፀጉሯ አረፋ እንደሆነ ሮጣ መጥታ ስልኩን ነጠቀችኝ። «እንኳን ማርያም ማረቻት» አለችው። ከዚያ ቡላም ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። እጇ ስልኩን እንጂ አፏን አልያዘም።

አሁን የማያውቁን ሰዎች ይደውላሉ፤ ከአዲስ አበባም፣ ከባኮም። የፓስፖርቱን ቀጠሮ ልጄ አልሰረዘችውም፣ አስተላልፋዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠይቃትም፣ መጠየቅ የምችል ሰው አይደለሁም። የግቢውን በር ቀን ቀን ክፍት እንዲሆን አዛኛለች። እሺ ብያለሁ፤ ወንበሬን ግን በሩ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ።

አልፎ አልፎ ደውሎ የማይናገር ሰው አለ። ልጄ «ኔትወርክ ነው፣ ዝጊው» ትለኛለች። አልዘጋውም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እቆያለሁ፤ ትንፋሽ ይሁን ነፋስ አይለይልኝም። «አቤት» እላለሁ፣ «የአራስ እህል ቤት ነው። ምን ልታዘዝ?»