ለእንግዳ የተጠረገው ቦይ

ጌጤ ገመዱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ክንድ በክንድ ትዳብሰዋለች። የሳሳ ቦታ ያገኘች ሲመስላት በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፣ ጠምዘዝ አድርጋ ታየዋለች፣ ከዚያ ታልፈዋለች። ዓይኗ ደክሟል፤ የምታምነው ጣቷን ነው። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ ከማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጣ ይህን ሳትሠራ ውላ አታውቅም። በገመዱ ጫፍ የሚታሰረው ታናሽ ወንድሟ አንዳርጌ ነው።

የሁለቱ ሥራ ከመናኸሪያው ተነሥቶ እስከ ታችኛው ድልድይ ከመንገድ ሥር የሚወርደውን የፍሳሽ ቦይ መክፈት ነው። ሲዘጋ የብረቱን ክዳን ያነሣሉ፣ አንዳርጌ ገመዱን በብብቱ ሥር አዙሮ ይወርዳል። የጠጠረውን በብረት ዘንግ ይነቀንቃል፣ ጨርቁንና ፌስታሉን በእጁ እየጎተተ በባልዲ ይልካል። ጌጤ ከላይ ትስባለች። የሚኖሩበት ጋይንት ብርድ አገር ነው፤ እርጥብ ልብስ በላዩ ላይ ሳይደርቅ ይመሻል።

አንዳርጌ በልጅነቱ እዚያው ጋይንት ወዳለው የቤተ ልሔም ደብር ወርዶ የዜማውን ትምህርት፣ ድጓን ጀምሮ ነበር። ሕመም አቋረጠው እንጂ ድምፁ እንኳ ለመሪጌታ የሚሆን ነበር ይላሉ የሰሙት። ጉድጓድ ውስጥ ግን ዜማ አያነሣም። «ያንን እዚህ አላወርደውም» ይላል። ዝም እንዳይል ደግሞ እኅቱን ይተርባል።

«እታለም፣ ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ አህያ ላይ አስረሽው ሄድሽ?»

«አህያማ ብትሆን እስካሁን ጥላህ ሄዳለች።»

መንገደኛው ይስቃል። ነገሩ ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። ድምፁ እስከተሰማ ድረስ ሰውየው ደኅና ነው። ሲቋረጥ መሳብ ነው።

ዘንድሮ በዓቢይ ጾም አጋማሽ የጉድጓዱ ትነት አፍኖት ድምፁ ተቋረጠ። ጌጤ ሳበች፤ አልሆነላትም። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ዘለው ወርደው ባይደርሱላት ኖሮ ብቻዋን አታወጣውም ነበር። መንገድ ዳር አጋድመው ውኃ ሲያፈሱበት ዓይኑን ገለጠና «ከበድኩሽ አይደል?» አላት። ከዚያ ወዲህ ሳሉ አልለቀቀውም። ትንሿን ዳገት ሲወጣ እንኳ ቆም ብሎ ግንብ ይደገፋል። ተወው እንዳትለው፣ የሚበሉት ከዚሁ ሥራ ነው።

በግንቦት ወር የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ዕፀገነት ከቢሮዋ ወርዳ ከጌጤ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ዕፀገነት የዚያው አገር ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ተምራ የተመለሰች።

«እትዬ ጌጤ፣ ለቦዩ መኪና ልንገዛ ነው» አለቻት። «ሁለት ዓይነት ቀርቦልናል። አንደኛው ትልቅ ነው፣ ብዙ ይይዛል፣ ግን መምጠጥ ብቻ ነው የሚችለው። ሁለተኛው አነስ ይላል። እሱ ንጹሕ ውኃ ተሸክሞ ይመጣና በቀጭን ቱቦ በኃይል እየገፋ የጠጠረውን ይበትነዋል፣ ከዚያ ይመጠዋል።»

«መምጠጥ ብቻ የሚችለው ከተገዛ የጠጠረውን ማን ይበትነዋል?»

ዕፀገነት ወደ አንዳርጌ ተመለከተች። ግንቡን ተደግፎ እያሳለ ነበር።

«ለዚህ ነው በወረቀት አልመርጥም ያልኩት» አለች። «ሁለቱም ሐሙስ መጥተው እዚሁ ቦያችን ላይ ይሞከራሉ።»

ጌጤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ትንሹ መኪና ተመርጦ ወንድሟ ከጉድጓድ እንዲወጣ።

ታዲያ ረቡዕ ቀን ምን ነካት? በመናኸሪያው በኩል ስታልፍ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሽታ አፍንጫዋን መታት። ክዳኑን ገለጥ ስታደርገው ዝቃጩ አፉ ላይ ደርሷል፤ አሮጌ ጨርቅና ፌስታል ተንሳፍፎበታል። ነገ ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው ይህን ያዩታል። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ሳይጠረግ ይታደራል እንዴ? ፊቷ ጋለ።

«ና እስቲ፣ አፉን ብቻ እናጽዳው» አለች ወንድሟን።

«መኪናው የሚመጣው ሊጠርገው አይደል? ዳኛው ሳይደርስ ልንፈርድለት ነው?»

«አፉን ብቻ አልኩህ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እንዳይሉን።»

አንዳርጌም ቢሆን የአገሩ ነውር የራሱ ነውር ነው። ጫማውን አወለቀ። የመጀመሪያው ሲጸዳ የሁለተኛው ቆሻሻ ጎልቶ ታየ፤ ሁለተኛው ሲጸዳ ሦስተኛው አስጠላ። ሲመሽ በቦዩ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ውኃው ኩልል ብሎ ይወርድ ነበር። አንዳርጌ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ጌጤ ትከሻዋን በቅቤ እያሸች፣ ለእንግዶቹ ያሰበችው ሁሉ እንደተሟላ ተሰማት።

ሐሙስ መኪኖቹ ገቡ። ሰው ተሰበሰበ፣ ባጃጆች ቆሙ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ አድማሱ ጃኬታቸውን ቆልፈው ከፊት ቆመዋል። ትልቁ መኪና ወፍራም ቱቦውን ሰደደ፣ አጓራ፣ ጥቂት ቆይቶ ጨረሰ። ውኃው ወረደ። ሰዉ አጨበጨበ። ትንሹም ሠራ፤ እሱ ግን ቱቦውን ሲዘረጋና ሲሰበስብ ጊዜ ፈጀ።

«እንግዲህ ሁለቱም ያው ከሆኑ» አሉ አቶ አድማሱ፣ «ብዙ የሚይዘውን መውሰድ ነው።»

ጌጤ ያደረገችው ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው።

ዕፀገነት ጉድጓዱ ላይ አጎንብሳ ታያለች። «ባለፈው ሳምንት ይኼ እስከ አፉ ሞልቶ አልነበረም እንዴ?» አለች ለራሷ ያህል።

ጌጤ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። በኃላፊው ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ትበል? ከኋላዋ አንዳርጌ ሳለ። ሳሉ ረጅም ነበር፤ ትናንት ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ ብሷል።

«ትናንት እኛ ጠርገነዋል» አለች።

አቶ አድማሱ ዞሩ። «ማን አዘዛችሁ?»

«ማንም አላዘዘን። እንግዳ ይመጣል ብለን ነው።»

የትልቁ መኪና ሹፌር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እናቴ፣ ምነው፣ እንጀራችንን ልትዘጊ ነው?»

ዕፀገነት አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ግንባሯን በእጇ ያዘች። ከሦስት ወር በላይ የለፋችበት ቀን ነው። ከዚያ ቀና አለች።

«እትዬ ጌጤ፣ ያልጠረጋችሁት ይኖራል?»

«ከጠላ ቤቶቹ ሥር ያለው አለ። እሱን እንኳ አልደረስንበትም።»

«ያንንማ ለእንግዳ አናሳይም!» አሉ አቶ አድማሱ። ከአፋቸው ካወጡት በኋላ ግን ጌጤን አይተው ወደ ጠላ ቤቶቹ መንገድ ጀመሩ። እሳቸውም የዚያው አገር ሰው ናቸው።

ሰዉም ተከተላቸው። ከጠላ ቤቶቹ ሥር ያለው ቦይ አተላና የምድጃ አመድ ዓመት ከዓመት እየተደፋበት እንደ ጭቃ ግንብ ደርቋል፤ በመሐሉ ጨርቅ አለ። ትልቁ መኪና ቱቦውን ሰደደ። አጓራ፣ ጨርቅ ነክሶ ታነቀ። አውጥተው ጠርገው መለሱት፤ ደግሞ ታነቀ። ሹፌሩ ግራ ቀኝ አየና «አንድ ሰው ገብቶ ነቅነቅ ቢያደርግልን ይሄዳል» አለ።

ማንም ስም አልጠራም። ሰዉ ሁሉ ግን አንዳርጌን አየው። እሱም አቀርቅሮ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ልማድ ነው።

ጌጤ ክንዱን ያዘች።

«አይገባም።»

«ተይ እታለም፣ ሰዎቹ ቆመው—»

«ይቁሙ። አትገባም አልኩህ። አንተ ከገባህማ እየተሞከርክ ያለኸው አንተ ነህ፣ መኪናው አይደለም።»

ዕፀገነት ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ማንም አይገባም» አለች። «መኪናው ራሱ ይቻለው። ካልቻለ ይበቃዋል።»

ትንሹ መኪና ቀረበ። ጫፉ ብረት የሆነ ቀጭን ቱቦ ወደ ጨለማው ገባና ውኃው ሲለቀቅ መሬቱ ውስጥ ለውስጥ አጉረመረመ። ምንም አልወጣም። የያዘው ውኃ አለቀ፤ ወንዝ ወርዶ ቀድቶ ተመለሰ፤ አሁንም ምንም። ሰዉ ሰልችቶት ተበተነ። ጌጤ ግን አልተቀመጠችም። ለሦስተኛ ጊዜ ቀድቶ ሲመለስ፣ ከታች በኩል ጥቁር ውኃ ጨርቁን፣ አመዱን፣ አተላውን ይዞ ገንፍሎ ወጣ። መኪናው መጠጠው። አንዳርጌ ጫማው እግሩ ላይ እንዳለ ቆሞ ያያል።

«ሥራዬን ቀማኝ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሰይ» አለች ጌጤ።

ዕፀገነት ትንሹን መኪና መረጠች፤ አቶ አድማሱም ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ ተስማሙ። መኪናው ግን ተመርጧል እንጂ አልመጣም። ግዢው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየዞረ ነው፤ መስከረም ይሉታል፣ ጥቅምትም ይሉታል። ክረምቱ ደግሞ ማንንም አልጠበቀም። ዝናቡ ከየደጁ ያገኘውን ጠርጎ ወደ ቦዩ ያስገባል፣ ቦዩ ይዘጋል፣ አንዳርጌ ይወርዳል። አሁን ሲተርብ ቃሉ አጭር አጭር ሆኗል፤ በመሐሉ ይስላል፤ ጌጤም ከላይ ሆና ሳሉን እንደ ቃል ትቆጥረዋለች። ትናንት ያወጣው ባልዲ ሙሉ የልጅ ልብስ ቁራጭና አመድ ነበር። ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከየቤታችን የወጣ ነው።

ይህን የምታነቡ የአገሬ ሰዎች፣ ብዙ አልለምናችሁም። አመዳችሁን ጓሯችሁ ድፉት፣ ለጎመኑ ይሆናል። አሮጌ ጨርቃችሁን አንድ ጥግ አኑሩት ወይም አቃጥሉት። መኪናው እስኪደርስ ድረስ ብቻ፣ እባካችሁ፣ ወደ ቦዩ አትጣሉት።