እሾሁ ለእኔ

ነፍሱን ይማርና፣ አጎቴ ከትግራይ ወደ ዲላ ሲመጣ በጆንያ ጠቅልሎ ያመጣት አንዲት የበለስ ቅጠል ጓሯችን ውስጥ አጥር አክላ ነበር። እንሰትና ቡና የለመደው ሰፈር እሾሁን ይፈራል። እሱ ግን ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ፍሬውን መሬት ላይ በቅጠል ይጠርገዋል፤ ከዚያም ልጣጩን በቢላዋ ሰንጥቆ ጎረቤቱን ሁሉ ያጎርሳል። እጃችንን ስንሰድ «ተዉ፣ እሾሁ ለእኔ» ይለናል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡና «ዘመዶቹ ወንበዴ ናቸው» ብለው ያዙት። የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «የሚመሰክርለት አለ?» ሲል፣ ከእጁ የጎረሰ አፍ ሁሉ ተዘጋ። አጎቴ በዚያው ቀረ። ሬሳውን አልሰጡንም፤ ለቅሶ እንዳንቀመጥም ከለከሉን።

በለሱ ግን ዘንድሮም አፈራ። ትናንት፣ ያን ዕለት አንገታቸውን ደፍተው ከቆሙት አንዷ፣ ጎረቤታችን፣ ሳህን ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የአጎትሽ በለስ ደረሰ አሉ። እስቲ አቅምሺኝ።»

«ደርሷል እማማ፤ ይግቡና ይልቀሙ።»

«ኧረ እሾሁስ?» አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«‹እሾሁ ለእኔ› የሚልዎትን ሰውዬ ሲወስዱት፣ እርስዎም ቆመው ያዩ ነበር» አልኳቸው።