ደረጃውን የሚወርዱት ሰው

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ከባድ መሣሪያ እግሯን የቆረጣት አሰለፈች ወንድሟ ላቀው አዝሏት ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ የሚያናግረው ላቀውን ነበር። «ትበላለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል?» ይሉታል።

አንድ ቀን «ምክር የሚሰጡት ሰው ክፍላቸው ከደረጃው በላይ ነው» ተባሉ። ላቀው ሊያወጣት ሲል ሰውየው ራሳቸው በክራንች ብቅ አሉ። በየእርከኑ እያረፉ ወረዱ። ከልጅነታቸው የሰለለው ቀኝ እግራቸው ይንጠለጠላል፤ ካኪ ሸሚዛቸው ብብቱ ላይ በክራንቹ ተበልቶ ተጥፏል። ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ታችኛው እርከን ላይ፣ ላቀው ካስቀመጣት ከአሰለፈች አጠገብ፣ በረጅሙ ተንፍሰው ተቀመጡ።

«አንቱ ለምን ይደክማሉ? እኔ ተሸክሜ አወጣት ነበር» አለ ላቀው።

«እኔም በሰው ጀርባ ነው ያደግሁት» አሉት። «ያዘለህ ሰው እየሰማህ የልብህን አትናገርም። እስቲ አንተ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።»

ላቀው ሄደ። ሰውየው ክራንቹን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሻከረ መዳፋቸውን ሲያሹ ቆዩ።

«ደከመዎት?» አለቻቸው በመጨረሻ።

«በጣም። አንቺስ፣ ልጄ?»

እግሯን ካጣች ወዲህ እሷን ራሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «መታዘሉ አድክሞኛል» አለች። «ወንድሜ በእኔ የተነሳ ትዳር ሳይዝ ሊያረጅ ነው። ይህን ለእሱ እንዴት ብዬ ልንገረው?»

ላቀው ሲመለስ እያለቀሰች ታወራ ነበር። ሊያዝላት ጎንበስ አለ።

«ቆይ» አለችው፤ «አልጨረስሁም።»