የቦራ ግት

ከትምህርት ቤት ወዲህ ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እንዴት እንደሚጀመርም አላውቅም። ግን ስለ ላማችን ስለ ቦራና ስለ ጎረቤታችን ሳልናገር መኖር ከበደኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ቤታችን ጂንካ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በታች ነው። ጎረቤታችን የአሪ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ነው። ጸጉሬን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት ፍም ልትወስድ መጥታ እናቴ ስታልብ አየች።

«ኧረ እትዬ፣ ግቷ መሬት ሊነካ ነው እኮ!» ብላ ሳቀች።

«ይባርክልሽ» አላለችም። እናቴ የወተቱን ቅል በነጠላዋ ሸፈነች።

ብዙም ሳይቆይ ከቦራ ጡቶች አንዱ አብጦ ድንጋይ ሆነ። ወተቱ እንደ አይብ ተቋጥሮ፣ ከደም ጋር ይወጣ ጀመር። እናቴ ውሃ መቅጃው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በዓይኗ በላቻት» አለች። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ስታልፍ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይሸፍናሉ። ፍም የሚሰጣትም ጠፋ። እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ስታየኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ቦራ የወለደቻትን ጊደር እናቴ ሃና በምትባል ሩቅ መንደር ላለችው አክስቴ ሰጥታ ነበር። ጊደሯ ወልዳ መታለብ እንደጀመረች ጡቷ እንዲሁ አበጠ የሚል ወሬ መጣ። ጎረቤታችን ደግሞ ሃናን ረግጣ አታውቅም። እናቴ ግራ ገብቷት የከብት ሐኪሙን አስጠራች።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቦራን ዳሰሳት። «የእናቷስ ግት እንዴት ነበር?»

«እንደዚሁ የተንዘረፈፈ። ኋላ አንዱ ጡቷ ደርቆ ቀረ። ወተቷ ግን!» አለች እናቴ።

«አያችሁ፣ ወተቷን አይታችሁ ዘሯን ታስቀራላችሁ፤ ድክመቷም አብሮ ይቀራል። በሽታው በዘር አልመጣም፤ የሚገባበት በር ግን በዘር ይመጣል። ግቷ እበትና ጭቃ ላይ ይጎተታል፣ የጡቷም ጫፍ የላላ ነው።»

ጎረቤታችን የሳቀችበት ያው የተንጠለጠለ ግት ነበር። እናቴ ፊቷን አዞረች። ለቦራ መድኃኒት ገዛች፤ ወደ ጎረቤታችን ቤት ግን እግሯ እምቢ አላት።

ጎረቤታችን ኦሞራቴ ወዳለው ወንድሟ ልትሄድ መሆኑን ስሰማ በጓሮ በኩል ገባሁ። ዕቃዋን ትቋጥር ነበር። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ቋጠሮውን አጥብቃ አሰረችና ቀና አለች።

«ለላሚቱ ሐኪም ተገኘላት፣ ልጄ። ለእኔ ስም ማን መርፌ ይወጋል? በይ ሂጂ፤ እኔ ቤት ቆመሽ እንዳያዩሽ።»