የዘሃራ ትከሻ

ቂሊንጦ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ተቀምጬ ስፌት እቆጣጠራለሁ። ፋብሪካው ክትባት ያስከተበን ቀን እኔና ጨርቅ ተሸካሚዋ ዘሃራ ተከታትለን ተወጋን። እኔን ምንም ሳይለኝ እሷ ክንዷን ማንሳት አቃታት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። ሰርቪሱ ውስጥ የፊት ወንበር የእሷ ሆነ። "ዘሃራዬ፣ ምሳ ዕቃሽን አምጪ ልያዝልሽ" የሚላት በዛ። እኔ ወገቤን ሲያመኝ ግን "እርጅና ነው እትዬ!" ብለው ነበር የሳቁብኝ።

ካሳ ስትጠይቅ ኃላፊያችን ጉዳቱ ከክትባቱ መሆኑን ተጠራጠሩ። ዘሃራም ምስክር ብላ እኔን ጠራች። "አላየሁም" ልል ቆርጬ ገባሁ።

"መርፌው የቱ ጋ ነው የገባው?" አሉኝ ኃላፊው።

ዘሃራ የተንሸራተተ ሻሿን በአንድ እጇ ለማሰር ስትታገል አየኋትና አንጀቴን በላችው።

"ከክንዷ ጡንቻ ከፍ ብሎ፣ ትከሻዋ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ወዲያው ጮኻለች" አልኩ።

ኃላፊው በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያው ሕክምናዋን እንሸፍናለን። ጨርቅ መሸከሙም ይቀርላታል፤ ከሰኞ ጀምሮ በእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስፌት ትቆጣጠራለች።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ ትከሻዎ ደህና ነው፤ ጨርቁን ይሸከማሉ።"