የእናቴ ጣውንት፣ የአባቴ ጊታር

የጊታር ክር ሲወጠር የሚያወጣውን ድምፅ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሲላላ የሚያወጣውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ሲወጠር ሰው ይሰበሰባል፣ ሲላላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ባለው ሱቄ ውስጥ ሚስማር እየመዘንሁ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ባጃጅ ሞተሩ ሊጠፋ ሲያቃስት ድምፁ ቁልቁል ወረደና ያንኑ መሰለኝ፤ የደከመ በሬ ሲጋደም እንደሚተነፍሰው ያለ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ የሚያልቅ። ሚዛኑን እንደያዝሁ ቀረሁ። ደንበኛዬ ሚስማር ልቀንስበት የፈለግሁ መስሎት ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ አልነበርሁም፤ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ በነበረችው ክፍል፣ በልጅነቴ፣ የቅበላ ዕለት ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ነበርሁ።

በእኛ ቤት ዐቢይ ጾም የሚገባው በዚያ ድምፅ ነበር። በቅበላ፣ በመጨረሻው የፍስክ ቀን፣ አባቴ ምሳውን በልቶ እጁን ታጥቦ እስኪደክመው ይጫወትና፣ ጸሐይዋ ወደ በሩ ዝቅ ስትል ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ መዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እያዞረ ክሮቹን ያላላቸው ነበር። «እኛ ስንጾም እሷ ተወጥራ ትክረም?» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ትንሣኤ ማንም ክር አይነካም፤ ጊታሩ ከጣሪያው በወረደ ሽቦ ተንጠልጥሎ ጾሙን ይጾማል።

አባቴ ጊታሩን ያገኘው ጊታር ፈልጎ አይደለም። መንገድ ሲያሠራ የቆየ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ዕቃውን እንደሚሸጥ ሰምቶ፣ ለላምባ ማስቀመጫ የሚሆን በርሜል ሊገዛ ሄደ፤ በርሜሉን ሌላ ነጋዴ ቀድሞት ወስዶ አገኘው፤ ባዶ እጁን ላለመመለስ ጊታሩን ተሸክሞ ገባ። እናቴ በር ላይ ቆማ ዙሪያውን አገላብጣ አየችና «ላምባው በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕቃው ስም በእናቴ አፍ ጊታር መሆኑ ቀርቶ «ጣውንቴ» ሆነ። «ጣውንቴን አቅፈው ከሚውሉ ስኳሩን ቢመዝኑ ምን አለበት፣ ጌታው?» ትለው ነበር፣ አክብሮቱን ሳታጓድል።

ጊታር ያስተማረው ሰው አልነበረም። በወጣትነቱ ክራር ይሞካክር ስለነበር፣ ጊታሩንም በክራር ቅኝት ቃኘውና ስድስተኛውን ክር ፈትቶ «አምስት ይበቃል፣ ይህ ትርፍ ነው» ብሎ ጣለው። ነጋዴ ሆኖ በዕድሜው ትርፍ የጣለው ያን ቀን ብቻ ነው። ክር ሲበጠስበት ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንዷን ዘለላ ፈትቶ ይተካ ነበር፤ ድምፁ ትንሽ ይነጫነጫል እንጂ ያገለግላል፣ እንደ እኛው።

በጾሙ ወራት ሱቁ ውስጥ አይጥ ይበዛ ነበር። እናቴ ለክረምት የምትዘራውን የጎመን ዘር በቅል ብታስቀምጠው ቅሉን ቀደዱባት፣ በከረጢት ብታንጠለጥለው ከረጢቱን በሱባት። አንድ ዓመት ቀና ስትል፣ አይጥ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሆዷ ባዶ የሆነች ጣውንቷን አየች። ወረቀት አጥፋ እንደ ማንቆርቆሪያ አደረገችና ዘሩን በቀዳዳው ጨምራ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈችው።

«ኧረ የሺ! ሆዷን አበላሸሽብኝ!» አለ አባቴ።

«ሥራ ፈት ጣውንት አልቀልብም» አለችው። «ደግሞስ በጾም የሰው ሆድ ምን አገባዎት?»

ይኸው ልማድ ሆነ። በፈረንጁ አገር ማን እንደሠራት የሚናገር ወረቀት ከውስጧ ተለጥፎ ነበር፤ ዘሩ ከዓመት ዓመት እየፋቀ አጠፋው። የትንሣኤ ዋዜማ እናቴ ሰፌድ ዘርግታ፣ ጣውንቷን ገልብጣ ታራግፋት ነበር፤ እኛ ልጆች ደግሞ ጀርባዋን በመዳፋችን መታ መታ እያደረግን እናግዝ ነበር። ሁሉም ዘር ግን አይወጣም። ከውስጥ በኩል ሆዷን ደግፈው የያዙ ቀጫጭን እንጨቶች ሥር የሚሸሸግ እፍኝ የማይሞላ ዘር ሁልጊዜ ይቀር ነበር። ስለዚህ አባቴ በፋሲካ ክሮቹን ወጥሮ መጫወት ሲጀምር፣ ከዜማው ሥር ሽሽሽ የሚል ሌላ ድምፅ ይከተል ነበር፤ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው ዓይነት። እኔ ጊታር ሁሉ እንዲያ የሚል ነበር የሚመስለኝ። ኋላ አንድ ሠርግ ቤት ለጨዋታ የተቀጠረ ልጅ ጊታር ይዞ መጥቶ ሲጫወት ሰማሁና ለጓደኛዬ «የዚህ ተበላሽቷል» አልሁት።

ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ገዢ ይጠፋ ነበር። ያኔ አባቴ ከዋንዛው ባንኮኒ ኋላ ተቀምጦ፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ በዝናቡ ልክ ሲጫወት ይውል ነበር። አንዱ ክረምት ላይ ግን ጉንፋን ያዘውና ብዙ ቀን ሳይነካት ሰነበተ፤ ለካ ከተንጠለጠለችበት በላይ ቆርቆሮው ያንጠባጥብ ኖሯል። ተሽሎት ሊያወርዳት ሲነሣ፣ ከቀዳዳዋ ጫፍ ላይ አንዲት ፈዛዛ የጎመን ቡቃያ አንገቷን አውጥታ ወደ መስኮቱ ታያለች። ጎረቤታችን እትዬ አለሚቱ ጨው ልትገዛ መጥታ ነበርና አይታ እልል አለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ የሺ! ጣውንትሽ ወለደች!»

ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ፤ ጨው ያልቸገረው ሰው ሁሉ ጨው ገዛ። አባቴ ቡቃያዋን ለመንቀል እጁ እንቢ አለው። በመጨረሻ እናቴ እየሳቀች፣ ሥሯን ሳትበጥስ በሁለት ጣቷ አወጣቻትና «የእንጀራ ልጄን ሜዳ ላይ አልጥላትም» ብላ ከአጥሩ ሥር ተከለቻት። መስከረም ላይ ቅጠሏን በላን። እርጥበቱ ግን የጊታሩን ሆድ ሰንጥቆት ነበር፤ አባቴ ስንጥቁን በሙጫ ደፈነው፣ ድምፁም ከዚያ ወዲያ ትንሽ ጎረነነ።

በጋውን አባቴ እስከ ደብረ ኤልያስ ገበያ እየወረደ እህል ይገዛ ስለነበር ብዙ ጊዜ አናገኘውም ነበር። ሲመለስ አቧራውን አራግፎ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ማንንም ሳያናግር መጀመሪያ ወደ ሽቦው ይሄድ ነበር። እናቴ «ሰላምታው ለጣውንቴ ነው» ትልና፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ግን ምጣዱንም ሆነ ድስቱን ሳታንኳኳ ትቆይ ነበር። ይህን ያስተዋልሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። ሱቁ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ስኳርና ጨዉን ትቼ ሚስማርና ቆርቆሮ አስገባሁበት፤ የዋንዛው ባንኮኒ ለብረት ክብደት አይሆንም ብዬ ጓሮ አጋደምሁት። ጊታሯንም ነቀዝ በላት፤ አንገቷ ከትከሻዋ ተላቀቀ፣ የተደፈነው ስንጥቅ ተከፈተ፤ እናቴ ስብርባሪውን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ ከአልጋ ሥር አኖረችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር አባቴን ሆስፒታል ወስደነው ነበር፤ ሐኪሞቹ ያቅማቸውን አድርገው «ቤታችሁ ብታስታምሙት ይሻላል» አሉን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ አይጠፋውም። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ሽቦ ያይ ጀመር።

«አባባ፣ ምን ያምርዎታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም» አለና መልሶ ወደ ሽቦው እያየ፣ «ጾሙ መቼ ነው የሚገባው?» አለኝ።

እናቴ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። «ሰማሃቸው? ጣውንቴን ነው የሚፈልጓት። ጾሙ ከገባ በኋላ ብታመጣላቸው አይነኳትም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ...» ብላ አልጨረሰችውም።

ከረጢቱን ይዤ በሚኒባስ ሉማሜ ሄድሁ። እዚያ አለኸኝ የሚባል አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጢ አለ፤ ክራርም ይሠራል፤ ጊታር መሥራትን ከስልኩ ቪዲዮ እያየ ተምሮ ሁለት ሦስት ሸጧል። ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሁለት።

«አሮጌ ነገር ነው። ሞዴሉ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአባቴ።»

«እሺ፣ ከዚህ የተሻለ ልሥራላቸዋ! ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ድምፅ ማጉያ የሚሰካበት...»

«የተሻለ አልፈልግም። ይህንኑ ነው የምፈልገው።»

ዕድሜዬን ሙሉ «ይህ ከዚያ ይሻላል» እያልሁ ስሸጥ ኖሬ፣ ይህን ቃል ከአፌ ስሰማው ለራሴም ገረመኝ። አለኸኝም ጭንቅላቱን አከከ። «ወንድሜ፣ እንጨቱን ምን እናድርገው? ለጀርባው ዋንዛ አለኝ፣ ግን እርጥብ ነው። በእርጥቡ ብሠራው ይጣመማል፣ እስኪደርቅ ብንጠብቅ ቅበላ ያልፋል።»

ያን ጊዜ ጓሮ የተጋደመው ባንኮኒ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ወሰድሁለት። አለኸኝ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርገው፣ ከእንጨቱ ውስጥ የሳሙና፣ የላምባና የቡና ሽታ ወጣ። አባቴ ክርኑን ያሳርፍበት የነበረው ቦታ እንደ ሰሃን ጎድጉዷል። «ይህን ቦታ ለጀርባዋ አድርገው» አልሁት።

የቅበላ ዋዜማ ጨርሶ ጠበቀኝ። በመልክ ራሷ ነበረች፤ ያው ጠባብ ወገብ፣ ያው በቀዳዳዋ ዙሪያ ያለው ጥቁር ቀለበት። «አሮጌውን ለልኬቱ ስፈታው ውስጡ ቆሻሻ ሞልቶት ነበር፣ ጠራርጌ ጣልሁት» አለኝ። «እግዜር ይስጥህ» አልሁት። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ እንደ ሕፃን አቅፌያት ሄድሁ፤ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ሊያስከፍለኝ ሞከረ።

በነጋታው ከምሳ በኋላ አባቴን ትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። መጀመሪያ ጀርባዋን በመዳፉ ዳሰሰና የጎደጎደችው ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ስድስተኛውን ክር ፈትቶ ሰጠኝና አምስቱን እያዳመጠ ቃኘ። ጀመረ። ድምፁ የጠራ፣ የሚያምር ነበር። ትንሽ ተጫወተና አቆመ።

«ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለኝ።

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ደንበኛ ዕቃውን አገላብጦ ሳይገዛ ሊወጣ ሲል የሚለው ነው። ባንኮኒውን ሰጠሁ፣ ሉማሜ ተመላለስሁ፣ ጾሙ ሊገባ የቀረው ያች አንዲት ከሰዓት ናት፣ አባቴም ጊታሯን ቀስ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። ምን እንደጎደላት አልገባኝም። እርሱም የገባው አይመስለኝም።

እናቴ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ የታጠፈ ወረቀት፣ በሌላው እፍኝ ይዛ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቴ።

«በቅበላ ቀን ሰው ሁሉ ሲበላ ጣውንቴ ብቻ ባዶ ሆዷን ትዋል?» አለችውና የጎመን ዘሩን በቀዳዳው ጨመረችላት።

አባቴ ጊታሯን ከአልጋው አነሣና ወደ ጆሮው አስጠግቶ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረጋት። ሽሽሽ አለች። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እናቴ ጀርባውን ደገፈችው። ከዚያ ተጫወተ። ከዜማው ሥር ያ የሩቅ ዝናብ ሲከተል ስሰማ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ሚስማር ነጋዴ እንባውን ለደንበኛ አያሳይም፣ ለአባቱማ እንዴት ተብሎ።

ጸሐይዋ ወደ በሩ ዝቅ ስትል አባቴ ጭኑ ላይ አጋድሞ መዞሪያዎቹን ወደ ኋላ ያዞር ጀመር። አራተኛው ላይ ጣቱ ደከመ። ላግዘው እጄን ብዘረጋ በክርኑ መለሰኝ። አረፍ ብሎ፣ አምስተኛውንም ራሱ ጨረሰው። እናቴ ቀዳዳዋን በጨርቅ ወተፈችና ሽቦው ላይ ሰቀለቻት።

አባቴ ትንሣኤን ከእኛ ጋር አልዋለም። በዚያ ፋሲካ ክሮቹን የወጠረ ሰው አልነበረም፤ ዘሩም እንደተወተፈ ከረመ። ዓመቱ ሞልቶ ፋሲካ ሲደርስ እናቴ «ከል ለእኛ እንጂ ለእሷ አይደለም፣ ውሰዳት» አለችኝና እኔ ወጠርኋት። የአባቴ ጣት የለኝም፤ የምጫወታት ሁለት ዜማ ብቻ ነው፣ አንዱንም ልጆቼ ይለምኑኛል፣ እንዳቆም።

አሁን ቤታችን ብሎኬት ነው፣ አይጥ የለበትም። ጎመንም ከገበያ እንገዛለን፤ ከአጥሩ ሥር የነበረው መሬት ሲሚንቶ ተደርጎበታል። ዘሩ ለምንም አይፈለግም። ቅበላ ሲመጣ ግን ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ጭኔ ላይ አጋድሜ አላላታለሁ። ልጅ ሳለሁ በዚያ ወደ ታች በሚወርድ ድምፅ ውስጥ እሰማ የነበረው የጨዋታውን ማለቅ ብቻ ነበር። አሁን ክሩ ዝቅ፣ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር እሰማለሁ፤ እናቴ ከጀርባዬ ቆማ፣ እፍኟን ጨብጣ፣ አምስተኛውን እስክጨርስ ስትጠብቅ ወረቀቷ በእጇ ውስጥ ኮሽ ይላል።