ከገላባት እስከ ሶባ፦ የመዲና መንጋጋ

ይህ ጉዞ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ፣ የእጅ ሰዓቴንና አንድ በግ በላብኝ። ሰሊጡም ሰዓቱም ይተካሉ። የሚቆጨኝ በጉ ነው።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሱዳን ድንበር ገላባት

ከጭነት መኪናው ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጠናል፤ እኔና የእህቴ ልጅ መዲና። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሰዓዳ ካርቱም ሰው ቤት ስለምትሠራ ልጅቷ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ግራ መንጋጋዋ አብጧል። በእኛ ዘንድ መንጋጋ ካበጠ ጥርስ ነው፤ ጥርስ ነቃዩ አንዱን ነቀለ፣ ሁለተኛውን ነቀለ። ሦስተኛው ሲነቃነቅ ግን፣ «ወንድሜ፣ ይሄስ የኔ ሥራ አይደለም» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ የተከፈለውን ግን አልመለሰም።

ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንተ ሐበሻ፣ ከረሜላ ጎርሳ ነው?» አለ።

«አዎ፣ ለሹፌር አታካፍልም።»

መዲና በደህናው ጎኗ ሳቀች።

ቀትር፣ ገዳሪፍ

ጭቃ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ፉል በዘይት። ዳቦውን በፉሉ መረቅ አርሼ አጎረስኳት።

«አጎቴ፣ እማዬ በዚህ ፊቴ ታውቀኛለች?»

«እንደ ልማድሽ ተሳደቢ፤ ወዲያው ትለይሻለች።»

ማክሰኞ፣ ሶባ

ሰዓዳ ከእመቤቷ ፈቃድ ለምና መጣች። ልጅቷን አየችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ካርቱም ያለው ሶባ ሆስፒታል ገባን። ክፍሉ መንጋጋቸው ባበጠ ሕፃናት ተሞልቷል። የነጋዴ ነገር፣ እናቶቹን ከየት እንደመጡ ጠየቅሁ፦ ደማዚን፣ ካዱግሊ፣ ማላካል። ከፖርት ሱዳን የለም። ከዶንጎላም የለም፤ እነዚያ ደረቅ በረሃ ናቸው።

«ዶክተር፣ እነዚህ እኮ አጎበር የምሸጥባቸው አገሮች ናቸው» አልኩት።

«ገበያህን አውቀኸዋል» አለ ሳይስቅ። «የደም ካንሰር ዓይነት ነው። ቆላ፣ ዝናብና ወባ ባለበት ይበዛል። ወባ ብቻውን አያመጣውም፤ ቫይረስም አለበት። ወባው ልጁን ደጋግሞ ሲያደክም ግን በር ይከፍትለታል።»

«ትድናለች?»

«ስድስት ዙር መድኃኒት አለ። ካላቋረጣችሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እብጠቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። መዲና አጥንት መጋጥ ጀመረች፣ ስድቧም ተመለሰ። ሰዓዳ ሰደቃ አወጣች፤ በጉን እኔ ገዛሁ። የአገራችን የወሎ ሴቶች ያረፍንበትን ግቢ ሞሉት፣ ዱዓ ተደረገ። በነጋታው የሁለተኛው ዙር ቀን ነበር።

«ያላ፣ ሃፍላው ሳይሞላ እንሂድ» አልኩ፤ አውቶቡሱ ማልዶ ነው የሚሞላው።

ከሴቶቹ በዕድሜ የከበሩት ሐጂያ ጣታቸውን አነሱ። «ሰደቃ የወጣለትን ልጅ መርፌ ማስወጋት አላህን ‹አልዳነችም› ማለት ነው።»

«ዶክተሩ ስድስት ብሏል፣ ሐጂያ።»

«ጋሼ፣ ዓይንህ አያይም እንዴ?» አለች ሰዓዳ።

አየሁ። መንጋጋዋ ልሙጥ ነው። አልሄድንም።

በወሩ፣ ሶባ

ሃፍላው ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞርብናል። እብጠቱ በሁለቱም ጎን ወጥቷል፤ አንድ ዓይኗን ገፍቶታል፤ ሆዷም ተነፍቷል። ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ሰዓዳን አስቀመጣትና የልጅቷን መዝገብ ከደነው።

ዓርብ፣ ገላባት

ስድስት ዙር ታዝዞላት ነበር፤ አንዱን ወሰደች። መዲና ሐጅ ዩሱፍ ተቀብራለች።